«በአንድ ቅዳሜና እሑድ የላቀ ጠላቂ» ስለሚለው ሥልጠና ለሰሜን ሸዋ ሸማቾች የቀረበ ማስጠንቀቂያ

በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት አካባቢ፣ የመጀመሪያውን የስኩባ ዳይቪንግ (የአየር ጋን ተሸክሞ ከውኃ በታች የመጥለቅ) ምስክር ወረቀት ይዘው ከዓረብ አገር ወይም ከጅቡቲ የተመለሱ ወጣቶችን እየፈለገ ቀጣዩን ደረጃ ከነሥራ ተስፋው በአንድ ጥቅል የሚሸጥ ወገን አለ። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ የምጽፈው ስለ ውሉ ነው። ለእኔም ቀርቦልኝ ወረቀቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቤ፣ ጥያቄዎቼን በጽሑፍ አቅርቤ መልስ ከተቀበልኩ በኋላ ሳልከፍል ትቼዋለሁ። ቀብድ የከፈሉ የአካባቢያችን ልጆች ስላሉና ሌሎችም ለመክፈል እየተሰናዱ ስለሆነ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጥቅሉ እንዲህ ይላል፦ ንድፈ ሐሳቡ ደብረ ብርሃን ላይ ይሰጣል፤ ከሚያስፈልጉት አምስት ጥለቃዎች ሦስቱ በመዋኛ ገንዳ ይሟላሉ፤ የቀሩት ሁለቱ እሑድ ጠዋት በጅቡቲ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይከናወናሉ፤ በዚያው ዕለት አመሻሽ ላይ በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ሌሊቱን በመኪና ደብረ ብርሃን ይገባል። ከዚያም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ «ዳይቭ ማስተር» (ሌሎች ጠላቂዎችን የሚመራ ባለሙያ) የሚል ማዕረግና በመዝናኛ ጀልባ ላይ ሥራ እንደሚገኝ ተጽፏል።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው የመመለሻውን ሰዓት ነው፤ ይህ ከገንዘብ በላይ የነፍስ ጉዳይ ነውና። ጠላቂ ከውኃ በታች በግፊት ሥር አየር ሲተነፍስ ናይትሮጅን በደሙና በሕብረ ሕዋሱ ውስጥ ይሟሟል። ይህ ናይትሮጅን ቀስ በቀስ በትንፋሽ ተወግዶ ሳያልቅ በዙሪያው ያለው ግፊት ከቀነሰ፣ በሰውነት ውስጥ አረፋ ሆኖ መገጣጠሚያን ያሳምማል፤ ሲከፋም ሕብለ ሰረሰርን ጎድቶ ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህም ዳን በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት፣ አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም በተከታታይ ቀናት የጠለቀ ሰው ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመክራል። እሑድ ጠዋት ሁለት ጊዜ ጠልቆ አመሻሹ ላይ አውሮፕላን የሚሳፈር ወጣት ይህን ገደብ በምንም ስሌት ሊያሟላ አይችልም።

ለእኛ ለደጋ ሰዎች ነገሩ ከዚህም የባሰ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊት ይቀንሳል። የዳን ምክር የተሰላው የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ቢቀንስ ቢቀንስ በ2,438 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው እንደማያንስ ታስቦ ነው፤ ደብረ ብርሃን ራሷ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አውሮፕላኑ ቦሌ ሲያርፍ አደጋው ያበቃል ብሎ የሚያስብ ሰው፣ ከቦሌ ወደ እኛ የሚወስደው መንገድ ገና ወደ ላይ የሚወጣ መሆኑን ማስታወስ አለበት። ወደ ደብረ ሲና የሚቀጥል ተጓዥም ጣርማበርን ከ3,000 ሜትር በላይ ተሻግሮ ነው ቁልቁል የሚወርደው። ይህን ጠይቄ ያገኘሁት መልስ «በረራው አጭር ስለሆነ አያሰጋም» የሚል ነበር። በረራው አጭር መሆኑ ምንም አይለውጥም፤ ተጓዡ ከአውሮፕላኑ ወርዶ የሚያድረው ከአውሮፕላኑ ውስጥ ካለው ባነሰ ግፊት ነውና። ምልክቱም ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ስለሚታይ፣ ሌሊት ቤቱ ገብቶ ክንዱ የደነዘዘ ልጅ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው ብሎ ጋቢ ደርቦ ሊተኛ ይችላል። እኔን እጅግ ያስጨነቀኝ ይህ ነው። እንዲህ ያለ ስሜት የተሰማው ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ሄዶ «ባሕር ጠልቄ ነበር» ብሎ መናገር አለበት፤ ሐኪሙ ካልተነገረው በደጋ ከተማ ውስጥ ይህን ሕመም የሚጠረጥርበት ምክንያት አይኖረውም።

ወደ ሥልጠናው ይዘት ስንመጣ፣ ፓዲ በተባለው ዓለም አቀፍ የጠላቂዎች አሠልጣኝ ድርጅት ሥርዓት የላቀ ደረጃ የሚባለው ምስክር ወረቀት የሚሰጠው አምስት የክፍት ውኃ ጥለቃዎችን ላጠናቀቀ ሰው ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ አንዱ የጥልቀት፣ ሌላው በኮምፓስ አቅጣጫን የመከተል ጥለቃ መሆን ግዴታ ነው። የመዋኛ ገንዳ ክፍት ውኃ አይደለም፤ ስለዚህ በገንዳ የተሟሉት ሦስቱ ጥለቃዎች አይቆጠሩም። ዳይቭ ማስተር ለመሆን ደግሞ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ፣ የነፍስ አድን ጠላቂነት ሥልጠና የወሰደ፣ በ24 ወራት ውስጥ የመጀመሪያ ርዳታ ትምህርት የተማረ ሰው መሆን ያስፈልጋል፤ ትምህርቱን ለመጀመር 40፣ ለመመረቅ 60 የተመዘገቡ ጥለቃዎችም ይጠየቃሉ። በእጁ ጥቂት ጥለቃዎች ብቻ ያሉት ወጣት በሳምንታት ውስጥ፣ ያውም ከባሕር ርቆ፣ እዚህ ቁጥር ላይ የሚደርስበት መንገድ የለም።

ወረቀቱ በሁለተኛው ጥለቃ ሁሉንም ተሳታፊዎች 40 ሜትር እንደሚያወርድም ይናገራል። የመጀመሪያው ደረጃ ወሰን 18 ሜትር፣ የላቀው ደረጃ ወሰን 30 ሜትር ነው፤ 40 ሜትር ለብቻው የጥልቅ ጥለቃ ሥልጠና ይፈልጋል። በፓዲ ሠንጠረዥ መሠረት ለዕለቱ የመጀመሪያ ጥለቃ 18 ሜትር ላይ 56 ደቂቃ፣ 30 ሜትር ላይ 20 ደቂቃ፣ 40 ሜትር ላይ ግን 9 ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ በዚያው ጠዋት ሌላ ጥለቃ ቀድሞ ከሆነ ደግሞ ይህም ያጥራል። አየሩም እንዲሁ ቶሎ ያልቃል፤ በውኃው ገጽ ላይ ለአንድ ሰዓት የሚበቃ አየር 30 ሜትር ላይ 15 ደቂቃ ነው የሚቆየው። ተንሳፋፊነቱን (በውኃ ውስጥ ሳይሰምጥም ሳይንሳፈፍም መቆየትን) በወጉ መቆጣጠር ያልለመደ ሰው ደግሞ ሲደናገጥ ከዚያም በላይ ይፈጃል።

ከሥልጠናው በፊት ስለሚፈረመው የጤና መጠይቅ የተነገረኝ ምክር በግልጽ መወገዝ ያለበት ነው። «ሁሉንም ጥያቄ የለም ብለህ ፈርም፤ አለዚያ ሐኪም ይጠየቃል» ተብያለሁ። አስም፣ የልብ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በዚህ መንገድ ቢፈርም ሕይወቱን አሳልፎ እየሰጠ ነው።

ክፍያው የሚፈጸመው በግለሰብ የቴሌብር ቁጥር ነው፤ ደረሰኝ አይሰጥም፤ ቀብዱም አይመለስም ተብሎ ተጽፏል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የንግድ ፈቃዱን፣ የአሠልጣኙን ስምና የአሠልጣኝነት ቁጥሩን ጠይቁ። ፓዲ በድረ ገጹ ይህን ቁጥር አስገብቶ የማስተማር ፈቃዱ የጸና መሆኑን ማጣራት የሚቻልበት አገልግሎት አለው። እኔ ቁጥሩን ስጠይቅ ጅቡቲ ስትደርስ ይነገርሃል ነው የተባልኩት።

የከፈላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ውሉንና የክፍያ መልእክቱን አታጥፉ፤ ገንዘቡ እንዲመለስላችሁ በጽሑፍ ጠይቃችሁ፣ እንቢ ከተባላችሁ በየከተማችሁ ላለው የንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። ይህ ሁሉ ሆኖ ለመሄድ የወሰነ ካለም፣ እሑድ ማታ የተቆረጠለትን የመመለሻ ትኬት ወደ ማክሰኞ ያስለውጥና እስከዚያው በባሕሩ ዳር ይቆይ።