የሐረጎ ቁልቁለትና የኮምቦልቻው ፈጣን ቻርጀር

ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ሰው ስለጠየቀኝ ልጻፈውና ልገላገል። ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መኪና ፈጣን ቻርጀር ይረባል ወይ? ለመንገደኛ፣ አዎ። እንደኔ ደሴ ለሚኖር ግን የዕለት ተዕለት መሙያ አይሆንም።

መኪናዬ ቢዋይዲ ሲጋል ናት፣ ባለ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪዋ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ከተማው በሷ ቢጤዎች ተሞልቷል። ማሽኑ ላይ በትልቁ 120 ኪሎዋት ተብሎ ተጽፏል። አትጓጉ። ምን ያህል እንደሚገባ የምትወስነው መኪናዋ ናት፤ የኔዋ 40 ኪሎዋት አካባቢ ስትደርስ በቃኝ ትላለች። ቅዳሜ 22 ፐርሰንት ላይ ሰካሁና በረንዳው ላይ ቡና ይዤ ቁጭ አልኩ። አቦል ጠጣሁ፣ ቶና ጠጣሁ፣ በረካው ሳይቀዳ 80 ገባ። 40 ደቂቃ ገደማ ነው፤ በዚህ ቅር የሚለው ሰው አይኖርም።

«ጋሼ፣ ሙሉ ልበለው?» አለኝ ማሽኑን የሚጠብቀው ልጅ። በል አልኩት፣ ሞኝ ሆኜ። የቀረችው 20 ፐርሰንት ሌላ 35 ደቂቃ በላች። ማሽኑ ደክሞ አይደለም። ባትሪው እየሞላ ሲሄድ ቮልቴጁ ጣሪያው ጋ ይጠጋል፣ ከዚያ ወዲያ መኪናዋ ራሷን ለመጠበቅ የምትቀበለውን ከረንት እየቀነሰች ትሄዳለች። ጠርሙስ ጢም ሊል ሲል ቀስ ብሎ እንደመቅዳት ነው። ስለዚህ 80 ሲገባ ነቅላችሁ ሂዱ፣ ከኋላ ሰው አለ። አንዱ 100 ሞልቶለት፣ ሳይነቅል ምሳ ሊበላ ሄዶ አንድ ሰዓት ሙሉ ቀጥ አድርጎናል። ስልክ ቁጥር እንኳን መስታወቱ ላይ አልተወም፣ ወላሂ!

ሁለት ገመድ አለው ቢባልም የሚሠራው አንዱ ነው። ሌላው «ነገ ይሠራል» ከተባለ ወር አልፎታል። ጥላ የለም፣ የኮምቦልቻን ፀሐይ ደግሞ ታውቁታላችሁ። መብራት ከጠፋም ጠፋ ነው፣ ጄኔሬተር የላቸውም። 5 ፐርሰንት ይዛችሁ እንዳትደርሱ። ሒሳቡ በኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ቤቴ ቆጣሪ ላይ ከምከፍለው ይበልጣል፣ ግን አልተበላሁም። ልጁ ጨዋ ነው። ከአምስት ሦስት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ፣ ያ ገመድ ሲሠራ አራት ይሆናል።

አሁን ወደ ሐረጎ ልምጣ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያወርደው ቁልቁለት ማለት ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ይህ ሁሉ ከፍታ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ያልቃል። ስወርድ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ኃይሉን ወደ ባትሪው ስለሚመልስ ፐርሰንቱ ብዙም አይነቃነቅም። ስወጣ ግን 13፣ 14 ፐርሰንት ይሄዳል። መጀመሪያ ሰሞን ማታ 100 ሞልቼ ጠዋት ቁልቁል ስለቃት የለመድኩት የሞተር መያዝ ጠፋብኝ፤ ለካ ባትሪው ሙሉ ስለሆነ የሚመለሰውን ኃይል ማስገቢያ ቦታ የለውም፣ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ሸራው ላይ ነው የወደቀው። ከዚያ ወዲህ ሐረጎን በምወርድበት ቀን 90 ላይ አቆማለሁ።

«ታዲያ 100 መሙላት ባትሪ ይገድላል?» ለሚለው፣ እንደ ባትሪው ነው። የሲጋሏ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው፤ ይሄ ዓይነቱ ቮልቴጁ ለረጅም ጊዜ አንድ ቦታ ስለሚቆይ፣ አልፎ አልፎ 100 ካልሞላችሁት መኪናዋ ስንት እንደቀራት በትክክል አታውቅም። ኒኬል ያለበት ባትሪ ግን ለዕለት ጉዞ ከ80 ባያልፍ ይመረጣል፣ ሙሉ ሆኖ ቀናት መቆምም አይወድም። ለሁለቱም የማይስማማው ሙቀት ነው። ብርድ ላይ ደግሞ በፈጣን መሙላት ጥሩ አይደለም። ደሴ የታኅሣሥን ውርጭ ውጪ አድራ የቀዘቀዘች መኪና ቀስ ብላ ነው የምትቀበለው፣ ትንሽ ተነድታ ብትሰካ ይሻላታል።

እኔ ቤት ማታ እሰካለሁ፣ በ16 አምፔር ጠዋት ሲነጋ ደርሳለች። ቤት ለመሙላት ያሰባችሁ መጀመሪያ ግራውንዱን (መሬት የሚገባውን ሽቦ) አስፈትሹ። የኔ ቻርጀር ቀይ እያበራ እንቢ ሲለኝ መኪናዋን ጠርጥሬ ነበር፣ ችግሩ ግን ቤቱ ጭራሽ ግራውንድ አልነበረውም። ኤክስቴንሽን ላይ የሰካ ጎረቤቴ ደግሞ ሶኬቱ ቀልጦበታል።

ከአዲስ አበባ የምትመጡ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከ25 ፐርሰንት በታች ከሆነ ሐረጎን ሳትጀምሩ ጥቂት ጨምሩበት። ወደ ወልድያ የምትቀጥሉ ደግሞ ከደሴ ገና 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራችኋል፣ እዚያው ኮምቦልቻ 80 አስገብታችሁ ውጡ።