ሰንሰለት ያጠለቀ ከንቲባ ወይስ በጀት የያዘ?

ጣና ዳር ቡና እየጠጣን አንዱ "የደብሊን ከንቲባ እኮ ስልጣን የለውም" ሲል ሳቅን፣ ግን እውነቱን ነው። እዛ የምክር ቤቱ አባላት ለ1 አመት ይመርጡታል፣ ወርቅ ሰንሰለት አጥልቆ ስብሰባ ይመራል፣ እንግዳ ይቀበላል፣ እ.ኤ.አ. ከ1715 ጀምሮ የከንቲባ መኖሪያ የሆነ ቤትም አለ፣ የከተማውን ስራ የሚያንቀሳቅሰው ግን ተቀጣሪው ዋና ስራ አስፈፃሚ ነው። እዛው አየርላንድ ሊምሪክ ላይ ደሞ በ2024 ህዝቡ ራሱ ለ5 አመት መረጠ፣ ይሄኛው የራሱ ስልጣን አለው።

እኔ ሊምሪክን ነኝ፣ ሰንሰለት ባጃጅ የሚዘልበትን ጉድጓድ አይደፍንማ! ግን ባህርዳር ላይ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ሪባን በተቆረጠ ቁጥር ከንቲባው ከቢሮ ሲጠፋና ባለጉዳይ ዘንባባ ስር ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ሳስብ፣ ለሪባኑ ሌላ ሰው መመደቡም አይከፋም።