ስካዚ ወይስ ሳስ? ያገለገለ ሰርቨር ለሚገዙ የደሴና የኮምቦልቻ መሥሪያ ቤቶች የቀረበ ንጽጽር

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ያገለገለ ሰርቨር የሚገዛ መሥሪያ ቤት፣ ስለ ዲስኩ መጠን ከመጠየቁ በፊት ዲስኩ የሚሰካበትን ካርድ ቢመረምር ይጠቀማል። ዲስክን ከሰርቨር የሚያገናኙት ሁለቱ ዘዴዎች፣ የቀድሞው ስካዚ (SCSI) እና እሱን የተካው ሳስ (SAS)፣ ዲስኩን የሚያዙበት ቋንቋ የተዛመደ ነው፤ ለማዋቀር የሚጠይቁት ድካም ግን እጅግ የተለያየ ነው።

በስፋት ገበያ ላይ ከዋሉት የስካዚ ትውልዶች የመጨረሻው አልትራ 320 በሰከንድ እስከ 320 ሜጋባይት ያስተላልፋል፤ ይሁን እንጂ ይህን አቅም በአንዱ ኬብል ላይ የተሰለፉት ዲስኮች በሙሉ ይካፈሉታል። ባለ 68 ፒኑ ኬብል 16 መለያ ቁጥሮች ሲኖሩት፣ 7 ቁጥር በልማድ ለካርዱ ስለሚተው ለዲስኮች 15 ይቀራሉ። ቁጥሩ የሚወሰነው ዲስኩ ላይ ባሉት ጃምፐሮች (ፒኖችን በሚያገናኙ ትንንሽ መሰኪያዎች) ነው፤ ባለ 80 ፒን ዲስክ ከሆነ ግን ቁጥሩን የሚሰጠው የሚሰካበት ሰሌዳ ነው። ሁለት ዲስኮች አንድ ቁጥር ከያዙ ካርዱ በትክክል ሊለያቸው ስለማይችል፣ ጤነኛው ዲስክ እንደተበላሸ ተቆጥሮ ሊጣል ይችላል። ከዚህ የባሰው ጣጣ የተርሚኔተር፣ ማለትም የኬብሉን ጫፍ ዘግቶ ምልክቱ እንዳይመለስ የሚያደርገው ዕቃ፣ ነው። የመስመሩ ሁለት ጫፎች፣ ሁለቱ ብቻ፣ በተርሚኔተር መዘጋት አለባቸው፤ አለዚያ ምልክቱ ተመልሶ እየተንጸባረቀ፣ አንድ ቀን የሚሠራ ሌላ ቀን የሚጠፋ ዲስክ ያስከትላል። የአልትራ 160 እና የአልትራ 320 ዲስኮች የራሳቸው ተርሚኔተር ስለሌላቸው፣ ሻጩ ኬብሉን ያለ ተርሚኔተር ካቀረበ ቅናሹ ቅናሽ አይደለም። በቀድሞው የምልክት አላላክ የሚሠራ ነጠላ ጫፍ (single-ended) መሣሪያ በዚያው መስመር ላይ ከተቀጠለ ደግሞ ፍጥነቱ ለሁሉም ቢበዛ በሰከንድ ወደ 40 ሜጋባይት ይወርዳል።

በሳስ ጃምፐርም ተርሚኔተርም የለም፤ እያንዳንዱ ዲስክ የራሱ መስመርና ከፋብሪካ የተሰጠው መለያ አለው። ባገለገሉ ሰርቨሮች ላይ በብዛት የሚገኘው ፍጥነቱ እንደ ትውልዱ በሰከንድ 3፣ 6 ወይም 12 ጊጋቢት ነው። በየሱቁ የሚገኘውን የሳታ (SATA)፣ ማለትም የተለመደውን የኮምፒውተር፣ ዲስክ መቀበሉ ለእኔ ትልቁ ብልጫው ነው፤ የሳስ ዲስክ ግን በሳታ ካርድ ላይ አይሠራም። ባለ 3 ጊጋቢት ካርዶች ብዙዎቹ ከ2 ቴራባይት በላይ ያለውን ስለማያነብቡ፣ ባለ 6 ጊጋቢቱን መምረጥ ይሻላል።

መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ የሚያሠራውን የሬይድ (RAID) ካርድ የሚገዛ ሰው የካርዱን ባትሪ ይጠይቅ፤ ባትሪው ሞቶ ሳለ መረጃው ዲስክ ላይ ከመድረሱ በፊት በካርዱ ጊዜያዊ ማኅደር (cache) እንዲቆይ በግድ ማስቻል፣ ዲስክ ላይ ያልደረሰውን መረጃ ለአደጋ ማጋለጥ ነው። (የደሴ ከፍታ ዲስክ ይጎዳል ወይ የሚሉ አሉ፤ 2,500 ሜትር አካባቢ በመሆኑ፣ አብዛኞቹ አምራቾች ከሚያስቀምጡት የ3,000 ሜትር ገደማ ወሰን በታች ነው። በኮምቦልቻ ይልቅ ለሙቀቱ ማራገቢያውን መመልከት ይገባል።)

ስካዚን የምመክረው በቆየ ዲስክ ወይም ቴፕ ላይ የቀረ መረጃ ማውጣት ላለበት ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሰርቨሩን አስነሥቶ፣ ካርዱ የሁሉንም ዲስኮች ስምና ቁጥር በስክሪኑ ላይ ሲዘረዝር በዓይኑ ይይ።