ደጅ ለሚከርም አሮጌ መኪና፦ ላስቲክ፣ ሸራ፣ የመኪና ልብስ ወይስ የቆርቆሮ ዳስ?

ደሴ ላይ ግቢ ውስጥ ቆማ የምትከርም ቮልስ ወይም ፔጆ 404 ዝናብ ቢመታት እንኳ ነፋስና ፀሐይ ካገኘች ትደርቃለች። ላሜራዋን የሚበላው ታፍኖ የሚቀረው እርጥበት ነው፤ በበሮቿ ግርጌ፣ በፓራፋንጎው እጥፋት፣ በምንጣፉ ሥር ተደብቆ ይከርማል። መሸፈኛ የሚገዛ ሰው ውኃ እንዳያስገባ ብቻ አይቶ ከገዛ ግማሹን ረስቷል፤ የገባው እርጥበት በየት በኩል እንደሚወጣም ማየት አለበት።

ወሎ ላይ ነገሩ በሐምሌና በነሐሴ አያበቃም። ክረምቱ ሲወጣ በደጋው ውርጩ ይተካል፤ ከየካቲት ወዲህ ደግሞ የበልግ ዝናብ አለ። በመሃል የደጋ ፀሐይ ጨርቁንም ላስቲኩንም ያነደዋል። ለሁለት ወር ተብሎ የተገዛ መሸፈኛ ዓመቱን ሙሉ ነው የሚሠራው።

ሰማያዊ ላስቲክ

በርካሽነት የሚደርስበት የለም፤ ቀለም ላይ በቀጥታ ማልበስ ግን ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው። ሌሊት ከመሬት የሚነሣው እርጥበት ከሥሩ ይጤዛል፤ ጠዋት ሲገለጥ መኪናዋ የታጠበች ትመስላለች። ቀን ላስቲኩ ሲግል ያ እርጥበት ወደ ቀለሙ ይሰርጋል፤ አሮጌ ቀለምና ስቱኮ የተለቀለቀበት ቦታ ብጉር ያወጣል። ነፋስ ሲያራግበው ደግሞ ጠርዙ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። የላስቲክ ቦታው ከመኪናዋ በታች ነው፦ 5 ሜትር በ2.5 ሜትር መሬት ላይ አንጥፎ 10 ሳንቲም ጠጠር ማልበስ (1.25 ሜትር ኩብ ጠጠር ይበቃል)። በተለይ ዋልካ አፈር ላይ ለሚያቆም ሰው ይህ ከየትኛውም ሽፋን በፊት የሚመጣ ሥራ ነው።

ሸራ

የጭነት መኪና ሸራ ዝናብ አያሳልፍም፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። አየር ስለማያሳልፍና ስለሚከብድ ግን ገላዋ ላይ መተኛት የለበትም። ከጣሪያዋ ቢያንስ 30 ሳንቲም ከፍ ባለ የእንጨት ወይም የቱቦ መዋቅር ላይ ተወጥሮ የፊቱና የኋላው ጫፍ ክፍት ይቀራል። የጥጥ ሸራ ትንሽ ይተነፍሳል፤ ነገር ግን በዝናብ ሰዓት ከውስጥ የነካው ነገር ካለ እዚያው ማንጠብጠብ ይጀምራል፣ እርጥቡን ከታጠፈም ይሻግታል።

የመኪና ልብስ

ተንቀሳቃሽ ነው፣ ቦታ አይፈልግም፣ ለተከራይ ከዚህ የሚሻል የለም። ችግሩ ገበያ ላይ ያለው ሁሉ «ይተነፍሳል» ተብሎ መሸጡ ነው። አንድ ስኒ የፈላ ውኃ ላይ ጨርቁን ወጥሮ በላዩ ብርጭቆ መድፋት፤ ብርጭቆው ካደፈረሰ ጨርቁ እንፋሎት ያሳልፋል ማለት ነው። ካላደፈረሰ ሻጩ የሰጠው የተሰፋ ላስቲክ ነው። ቀጥሎ ጨርቁን እንደ ጎድጓዳ ይዞ ውኃ ማቆር፣ 10 ደቂቃ ቆይቶ ከሥሩ መዳሰስ። ስፌቱ ላይ ካረጠበ ሐምሌን አይችልም። ብዙ ልብስ አንዱን ፈተና አልፎ በሌላው ይወድቃል፤ ሁለቱንም ያለፈው ውድ ነው። ውስጡ ለስላሳ ሱፍ፣ ሆዱ ሥር የሚታሰር ቀበቶ፣ ልኩም የመኪናዋ መሆን አለበት። ቮልስ 4.1 ሜትር ያህል ናት፣ ፔጆ 404 ደግሞ 4.45 ሜትር ገደማ። ሰፊ ልብስ ነፋስ ይይዛል፣ በላይዋ ላይ ሲመላለስም ይፍቃል። አቧራ ያለባትን መኪና ማልበስም ያው ነው፤ መጀመሪያ ታጥባ ትድረቅ።

የቆርቆሮ ዳስ

ቦታ ላለው ሰው የእኛ ምርጫ ይህ ነው። ዝናቡንም፣ ፀሐዩንም፣ በረዶውንም ከላይ ያስቀራል (በረዶ ልብሱን አልፎ ኮፈን ይጎደጉዳል)፤ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ነፋስ ያደርቃታል። ጣሪያው 6 ሜትር በ3.6 ሜትር ይሁን። በአንዱ ጎን 2.7 ሜትር፣ በሌላው 2.1 ሜትር ከፍታ ቢሰጠው ውኃው በደንብ ይወርዳል። ቆርቆሮው ባለ 2 ሜትር ሆኖ ተደራርቦ 70 ሳንቲም ያህል ከሸፈነ፣ በሁለት ረድፍ 18 ቅጠል ይፈልጋል። ጌጁ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል፤ 32 ጌጅ ርካሽ ቢሆንም ለነፋሻ ግቢ 28 ይሻላል። ስድስት የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ እያንዳንዱ 60 ሳንቲም የተቀበረ፣ የሚቀበረው ጫፉ የተቃጠለ ዘይት የተቀባ። ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር፦ ዝናቡ በብዛት የሚመጣበትን ጎን ብቻ በሸራ መጋረድ ይቻላል፤ አራቱንም መዝጋት ግን ዳሱን ወደ ላስቲክ መመለስ ነው።

የትኛውም ቢመረጥ

የበሮቹ ግርጌ ላይ ያሉት የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ ይከፈቱ። ምንጣፉ ይውጣ። ታንከሩ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ቤንዚን ይቀዳ፤ ባዶ ቦታ በበዛ ቁጥር ውስጡ ይጤዛል፣ ይዝጋል። የእጅ ፍሬን አይሳብ፣ የፍሬኑ ጫማ ከታምቡሩ ጋር ይጣበቃል፤ ማርሽ አስገብቶ ጎማው ሥር እንጨት ማስደገፍ ይበቃል። ጎማው ከተለመደው ነፋስ በላይ 5 ፒኤስአይ ይጨመርለት። ባትሪው ተፈትቶ ቤት ይግባ፣ 12.4 ቮልት ሲደርስ ይሞላ። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ጫፍ ላይ የብረት ሱፍ ይወተፍ፣ አይጥ እንዳይገባ፤ ሲነሣ እንዳይረሳም መሪው ላይ ወረቀት ይታሰር። እርጥበት ይስባል ተብሎ ውስጧ ጨው የሚያስቀምጥ አለ፤ ጨው የሳበው ውኃ ብረቱ ላይ ከፈሰሰ ከዝናቡ ይብሳል።

በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ማስነሣት ጥቅሙ ለጎረቤት ነው፣ መኖሯን ይሰማል። ሞተሩ ሳይግል ሲጠፋ ማርሚታውና ዘይቱ ውስጥ ውኃ ይቀራል። ወይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መንዳት፣ ወይ ጨርሶ አለመንካት።

ኮምቦልቻ ላይ ውርጩ ብዙም ስለማያሰጋ ተከራይ ጥሩ ልብስና ከሥር ጠጠር ከያዘ ይበቃዋል። ደሴ ላይ ግቢ ያለው ዳስ ይሥራ። ደላንታና ወረኢሉ በመሳሰሉት ደጋዎች ዳስና ልብስ አብረው ቢሆኑ ይመረጣል፤ ራዲያተሯ ውስጥ ውኃ ብቻ ያለባት ፔጆ ወይም ላዳም ከጥቅምት በፊት ግማሽ በግማሽ ኩላንት ትሙላ፣ ውኃው በረዶ ከሆነ ሞተሩን ይሰነጥቃል። ቮልስ በአየር ስለምትቀዘቅዝ ከዚህ ዳነች፤ የእሷ ጣጣ ከኋላ መስተዋቷ ሥር ባለው የአየር መግቢያ ዝናብ ሞተሩ ላይ መውረዱ ነውና ልብሱ ከእዚያ እንዳይንሸራተት ቀበቶው ጠበቅ ይበል።