ዊንዶውስ 11፣ ኡቡንቱ ወይስ ሚንት? ያገለገለ ላፕቶፕ ለያዛችሁ

«ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11 አልቀበልም አለኝ። ልሽጠው?»

ይህን ጥያቄ እህቴ ጠየቀችኝ፣ ጎረቤቴ ጠየቀኝ፣ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሰርግ ላይ አብሮኝ የተቀመጠ ሰው ጠየቀኝ። አንዴ ጽፌው ይገላግለኝ። አትሽጡት። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነፃ ሲስተም ጫኑበት።

ጣጣው የመጣው ከዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉን አቁሟል። ኮምፒውተሩ መሥራቱን አይተውም። ግን አዲስ የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝበት እንደ ድሮው የሚደፍንለት የለም። 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነም 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። የእኔ 6ኛ ነው። የእህቴም እንደዚያው።

እስቲ ብሩን እንቁጠር። የዊንዶውስ 11 ሆም ፈቃድ በማይክሮሶፍት ዋጋ 139 ዶላር ነው። ዶላሩን በ150 ብር ብናሰላው 20,850 ብር ይመጣል። እኔ የማውቀው ሰው ሁሉ ይህን አይከፍልም። ኮምፒውተር ቤት ይወስድና ክራክ የተደረገውን፣ ማለትም ፈቃዱ ሳይከፈል በዘዴ የተከፈተውን ያስጭናል።

እኔም እንደዚያው አደረግኩ። 500 ብር ከፍዬ 11ን በግድ አስጫንኩ። አክቲቬት የሚያደርገው ፕሮግራም እንዲሠራላቸው አንቲቫይረሱን አጥፍተውት ኖሯል። ያወቅኩት በኋላ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ብሮውዘሩን በከፈትኩ ቁጥር የቁማር ማስታወቂያ ይደቀንብኝ ጀመር። በአምስተኛው ሳምንት ፋይሎቼ አልከፈት አሉ። ለድጋሚ ፎርማት 500 ብር፣ ፋይል ለማስመለስ 3,000 ብር ከፈልኩ። «ነፃ» የተባለው ዊንዶውስ በሁለት ወር ውስጥ 4,000 ብር በላኝ። የልጄ የመጀመሪያ ዓመት ፎቶዎች ግማሾቹ እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ይሄ ከብሩ በላይ ያመኛል።

ሚንት ዋጋው 0 ብር ነው። ፈቃድ፣ ክራክ፣ አክቲቬት የሚባል ነገር የለውም። የሚያስወጣችሁ የማውረጃው ዳታና መጫኛውን የምታኖሩበት አንድ ፍላሽ ነው። ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው የፍላሽ ቫይረስም የተሠራው ለዊንዶውስ ስለሆነ እዚህ አይነሳም። ልጄ ከትምህርት ቤት ፍላሽ ይዞ ሲመጣ አሁን አልሳቀቅም።

«ኡቡንቱስ?» ትሉኛላችሁ። እሱም ነፃ የሊኑክስ ሲስተም ነው፤ መጥፎ አይደለም። ሚንት ራሱ የተሠራው ኡቡንቱ ላይ ነው። አራት ወር ተጠቅሜበታለሁ። የተውኩት በዳታ ምክንያት ነው። ኡቡንቱ 24.04ን ለማውረድ ወደ 6 ጊጋ ይፈጃል፤ ሚንት 22 ወደ 3 ጊጋ ነው። ዋናው ነገር ግን ከተጫነ በኋላ ያለው ነው። ኡቡንቱ ስናፕ በሚባለው መንገድ የሚመጡትን ፕሮግራሞች ሳይጠይቅ በራሱ ያድሳል። ኢንተርኔት የምጠቀመው ከስልኬ ስለሆነ የወር ጥቅሌ ወሩ ሳይጋመስ አለቀ። ሚንት ስናፕን አያመጣም። አዲስ ነገር ሲኖር ከታች በኩል ምልክት ያሳያችኋል፣ መቼ እንደሚወርድ እናንተ ትወስናላችሁ። በዳታ ጥቅል ለሚኖር ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ድጋፉም እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይቆያል። መልኩ ደግሞ የድሮውን ዊንዶውስ ስለሚመስል እናቴ ማንም ሳያሳያት ፎቶዎቿን አገኘች። ራሙ 4 ጊጋ ከሆነ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን የሚንት ዓይነት፣ 8 ከሆነ ሲናመን የሚባለውን ውሰዱ።

አሁን ስለ ፍላሹ ልንገራችሁ፤ ሌሊቴን የጨረሰው እሱ ነው። ባለ 64 ጊጋ የሚል ፍላሽ በ250 ብር ገዛሁ። የኡቡንቱን መጫኛ ጻፍኩበትና ኮምፒውተሩ ላይ ስጭን ከግማሽ ላይ ቆመ። ደገምኩት፣ አሁንም ቆመ። ኡቡንቱን በከንቱ ረገምኩት። ለካ ፍላሹ ውስጥ ያለው 4 ጊጋ ብቻ ነው፤ 64 ነኝ ብሎ ለኮምፒውተሩ እንዲናገር ተደርጎ ነው የተሠራው። ከ4 ጊጋ በላይ የጫናችሁበት ሁሉ ገደል ይገባል። ፎቶ ብታስቀምጡበትም እንደዚያው ነው፤ ስሙ ይታያል፣ ሲከፍቱት ባዶ ነው። ኤፍ3 የሚባል ነፃ ፕሮግራም እውነተኛውን መጠን ፈትሾ ይነግራል። ከዚያ በኋላ ባለ 16 ጊጋ ኦርጅናል በ600 ብር ገዛሁ፤ በአንድ ሙከራ ጨረስኩ። በ350 ብር ልዩነት ሌሊታችሁን አትጡ። ያገለገለ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረውን ፈጣን ዲስክ) ስትገዙም ብር ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው አስፈትሹ።

ኤስኤስዲ ካነሳን አይቀር፣ ላፕቶፑ ድሮ የመጣበትን የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከያዘ ማንኛውም ሲስተም ይንቀራፈፍበታል። የእህቴን በ4,500 ብር ባለ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ ቀየርንላት። ሚንትን እሱ ላይ ጫንን። አዲስ ላፕቶፕ ልትገዛ ነበር።

ሚንት የማይሆናቸው ሰዎች አሉ። በፒችትሪ ሒሳብ የምትሠሩ ከዊንዶውስ አትውጡ። ፎቶሾፕና አውቶካድም አይገቡበትም። ፓወር ግዕዝም የዊንዶውስ ነው። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደል ሆኖ ስለሚታይ፣ ሳትሸጋገሩ ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም በማንኛውም ኮምፒውተር ወደሚነበበው የፊደል አቀማመጥ አስቀይሩት። አዲስ አማርኛ ለመጻፍ ግን ችግር የለም። አይባስ (IBus) እና ኤም17ኤን (m17n) የሚባሉትን የመጻፊያ ፕሮግራሞች ከሶፍትዌር ማናጀሩ ጫኑና አማርኛን ምረጡ፤ በእንግሊዝኛው ፊደል እንደሚነበበው ስትጽፉ ግዕዙ ይወጣል። ቴሌግራም፣ ክሮምና ቪኤልሲ ሁሉም አሉ። የወርድ ሰነድ በሊብሬኦፊስ ይከፈታል፣ ብዙ ሠንጠረዥ ያለበት ግን ቦታው ሊዛነፍ ይችላል። ሲቪ ስትልኩ በፒዲኤፍ ላኩት።

ሳትጭኑ ሞክሩት። የሚንት መጫኛ ያለበትን ፍላሽ ሰክታችሁ ኮምፒውተሩን ስታስነሱት ሚንት ከፍላሹ ላይ ይሠራል፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን አይነካም። ኤችፒ ከሆነ ሲነሳ ኤፍ9፣ ዴልና ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ12 ተጫኑ። ከዚያ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውንና ፕሪንተሩን አንድ በአንድ ፈትሹ። ዋይፋዩ እምቢ ካለ ብዙውን ጊዜ ብሮድኮም ቺፕ ስላለበት ነው። ስልካችሁን በገመድ አገናኝታችሁ ኢንተርኔት ስጡትና ድራይቨር ማናጀሩን ክፈቱ፤ የሚያስፈልገውን ራሱ ያገኘዋል።

ጎረቤቴ ፒችትሪ ስላለበት ዲስኩን ለሁለት ከፍለን ዊንዶውስንም ሚንትንም ጫንንለት። እናንተም እንደዚህ የምታደርጉ ከሆነ መጀመሪያ ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ፣ ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ ካለ አጥፉት። ከሚንት ወጥታችሁ ዊንዶውስ ስትገቡ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። ጎረቤቴ የእናት ቦርዱ ባትሪ ሞቷል ብሎ ሊያስቀይር ወስዶት ነበር። ባትሪው ደህና ነው። ሊኑክስ የውስጡን ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ይይዛል፣ ዊንዶውስ ደግሞ በአገሩ ሰዓት ያነበዋል፤ እኛ ከዓለም አቀፉ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ሚንቱን በአገር ሰዓት እንዲይዝ ማድረግ ብቻ ነው፤ ለባትሪ ብር አትክፈሉ።