ባለ 80 ሊትር የኤሌክትሪክ ቦይለር፦ ሻጩ የማይነግርዎት ዘንግ

አዲስ አበባ ውስጥ ቦይለር የምንለው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የሻወር ውሃ ማሞቂያ ነው። እዚህ የምናየው ባለ 80 ሊትሩን፣ 1500 ዋቱንና የብረት ጋኑ ውስጡን በኢናሜል (መስታወት መሰል ቅብ) የተለበጠውን ነው። አራት ሰው ላለበት ቤት ጥሩ ዕቃ ነው፤ ለሁለት ሰው ግን 50 ሊትሩ ይበቃል።

ሱቅ ውስጥ ዲጂታል ማሳያው ይደነቃል። መጠየቅ ያለብዎት ስለ ማግኒዚየም ዘንጉ ነው፤ ምን ያህል ወፍራም ነው? መለዋወጫውስ ገበያ ላይ ይገኛል? በኢናሜሉ ላይ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ አይጠፋም። ውሃው በዚያ ገብቶ ብረቱን እንዳይበላ ዘንጉ በጋኑ ፈንታ ይበላል። እሱ ሲያልቅ ተራው የጋኑ ነው።

15 ዲግሪ የነበረን ውሃ 65 ለማድረስ 4.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ በጊዜ ሲቆጠር ከ3 ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ይፈልጋል። ይህ ግን በ220 ቮልት ነው። ቮልቴጁ ወደ 180 ሲወርድ ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ የሚሰጠው 1000 ዋት ብቻ ስለሆነ ጊዜው ከ4 ሰዓት ተኩል ያልፋል። ስለዚህ «ቦይለሩ ደከመ» ብለው ሬዚስታንስ ከማስቀየርዎ በፊት ቮልቴጁን ያስለኩ።

ሲሞላ ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነውና ተራ ፊሸር አይይዘውም። ኮለን ላይ ይሰቀል፤ ካልሆነም ግድግዳው ተበስቶ በወዲያኛው በኩል በላሜራ የሚታሰር ረጅም ቡሎን ይግባለት። መስመሩ የራሱ 16 አምፔር ብሬከርና 2.5 ካሬ ሽቦ ይኑረው፤ ያለ ኧርዝ ግን ፈጽሞ አይገጠም።

ቀዝቃዛ ውሃ መግቢያው ላይ ያለው የ8 ባር ሴፍቲ ቫልቭ ሲሞቅ ያንጠባጥባል። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ 80 ሊትሩ ከ15 ወደ 65 ዲግሪ ሲደርስ 1.5 ሊትር ያህል ይጨምራል። ይህ ብልሽት አይደለም። አፉን የሚደፍን ሰው ካጋጠመዎት ያስቁሙት፤ ግፊቱ መውጫ ካጣ ጋኑ ሊፈነዳ ይችላል። ሳይሞቅም የሚያፈስ ከሆነ ቆሻሻ ይዞታል ወይም የመስመሩ ግፊት በዝቷል።

እንክብካቤው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ የጉድጓድ ውሃ በሚመጣበት ሰፈር ኖራው ስለሚበዛ ቶሎ ቶሎ ይታይ። ብሬከሩን አጥፍተው በቴስተር ያረጋግጡ። የቀዝቃዛውን መዝጊያ ዘግተው፣ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍተው፣ በሴፍቲ ቫልቩ እጀታ ውሃውን ያፍስሱ። የታችኛውን ክዳን አንስተው ቴርሞስታቱን ይንቀሉ፤ ቡሎኖቹ ሲፈቱ ሬዚስታንሱና ዘንጉ አብረው ይወጣሉ። ሬዚስታንሱ ላይ የጋገረው ኖራ አቼቶ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ይለቃል። ጋኑን ግን በብረት አይፋቁት፤ ኢናሜሉ ይሰነጠቃል። ዘንጉ በግማሽ ከሳሳ ወይም የውስጥ ሽቦው ከታየ ይቀየር። ክዳኑ ውሃ እንዳያፈስ የሚገባውን ጎሚኒም አብረው ይቀይሩ፤ አሮጌው ሁለተኛ ጊዜ አይገጥምም። ቡሎኖቹን በመስቀልኛ ያጥብቁ።

ሲሞሉት የሙቅ ውሃው ቧንቧ ክፍት ይሁን። አየር ሳይቀላቀል ድፍን ሆኖ እስኪወርድ ሳይጠብቁ ብሬከሩን አይንኩ፤ ሬዚስታንስ በደረቁ ከተለኮሰ ወዲያው ይቃጠላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ አደጋ ዘወትር አለ። ሴፍቲ ቫልቩ ውስጥ ያለው ወደ ኋላ የማያስመልሰው ክፍል ሲያረጅ ጋኑ ሳይታወቅ ወደ መስመሩ ሊጎድል ይችላል። ሮቶው ባዶ ከሆነ ያጥፉት።

ቴርሞስታቱን 60 ላይ ያቆዩት፤ ከዚያ በላይ ኖራ ይበዛል፣ በጣም ሲወርድ ደግሞ ባክቴሪያ ይራባል። ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ከወረደ ሬዚስታንሱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ውሃው ዝገት ከቀላቀለ ዘንጉ አልቆ ሊሆን ይችላል። ከጎሚኒው በኩል የሚያፈስ ይጠገናል። ከጋኑ ገላ ከሆነ ግን አያስበይዱት፤ የብየዳው ሙቀት ኢናሜሉን ስለሚያበላሸው በሌላ በኩል ይቀደዳል።