ከመስኮት ውጭ የተሰቀለው የኤፍኤም አንቴና፦ ፀሐይና ዝናብ ከተፈራረቁበት በኋላ

ዕቃው ሲታይ ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ግራና ቀኝ የሚዘረጉ ሁለት የአሉሚኒየም ዘንጎች፣ መሐል ላይ አንድ የፕላስቲክ ሣጥን፣ ከሣጥኑ ተነስቶ ወደ ሪሲቨሩ፣ ማለትም ወደ ቤቱ ሬዲዮ መቀበያ፣ የሚወርድ ገመድ፤ በቃ። ዳይፖል የሚባለው ዓይነት ነው። ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል፣ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ኤፍኤም የሚሠራጨው ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ነው። 100 ሜጋኸርዝ ላይ የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ስለሆነ ግማሹን የሚያህል ዘንግ ጥሩ አድርጎ ይይዘዋል። የእጅ መዳፍ የሚያህሉ፣ ማሸጊያቸው ላይ ግን ተአምር የተጻፈባቸው አንቴናዎች ስላሉ ከመግዛታችሁ በፊት ማሸጊያውን ትታችሁ ርዝመቱን እዩ።

መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ሞከርኩት። ከሪሲቨሩ ጋር ከመጣው ቀጭን ሽቦ የተሻለው በጥቂቱ ነው። ብረት የበዛበት የኮንክሪት ግድግዳ ሞገዱን ያዳክመዋል፤ የኤልኢዲ አምፖሉ፣ የስልክ ቻርጀሩና የኢንተርኔት ሣጥኑ ደግሞ የየራሳቸውን ረብሻ ይረጫሉ። ያው አንቴና ከመስኮቱ ውጭ በአጭር ብረት ላይ ሲታሰር ግን ሌላ ዕቃ የተገዛ መሰለ። ሲንሿሹ የነበሩት መካከለኛ ጥንካሬ ያላቸው ጣቢያዎች ጠሩ፤ ብልጭ ድርግም ሲል የነበረው የስቴሪዮ መብራትም ቆሞ በራ። ስቴሪዮ (የግራና የቀኝ ድምፁ የተለያየው) ከሞኖ (በሁለቱም በኩል አንድ ድምፅ ከሚሰማበት) ይልቅ እጅግ ጠንካራ ሲግናል ይፈልጋል። አንቴና መግዛት ለማይፈልግ ሰው ሪሲቨሩን ወደ ሞኖ መቀየር ብቻውን ብዙውን ሽሽታ ያጠፋለታል፣ ነጻም ነው።

ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ግን አቅጣጫ መቀየር መቻሉ ነው። አንድ ጣቢያ ነበር፤ የሲግናል መለኪያው እስከ ጫፍ ይሞላል፣ ድምፁ ግን የተሰነጠቀ ነው፤ ተናጋሪው «ስ» እና «ሽ» ባለበት ቃል ላይ ሁሉ የሚተፋ ይመስላል። ይህ የሲግናል ማነስ አይደለም። ሞገዱ በቀጥታ ይመጣል፣ ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ወይም ኮረብታ ላይ ነጥሮም ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሁለቱ ሲጋጩ ድምፁ ይበላሻል። ዳይፖል በጎኑ በደንብ ይሰማል፤ በዘንጎቹ ጫፍ አቅጣጫ ግን ደንቆሮ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጫፉን ነጥሮ ወደሚመጣበት አቅጣጫ አዞርኩት። መለኪያው ትንሽ ወረደ፣ ድምፁ ግን ጠራ። ከዚያ ወዲህ የማምነው ጆሮዬን ነው። ዘንጎቹን አግድም ትቶ ማቆምም ይሞከር፤ ሞገዱን አግድም ሳይሆን ሽቅብ አቁመው የሚልኩ ጣቢያዎች አሉና።

አብሮ የተሸጠልኝ የሲግናል ማጉያ ሣጥን አሁን መሳቢያ ውስጥ ነው። ማጉያ ስንዴውንም እንክርዳዱንም አብሮ ነው የሚሰፍረው፤ አንቴናው ያላገኘውን አይፈጥርም። ቅርብ ያለ ኃይለኛ ጣቢያ ካለ ደግሞ ሪሲቨሩ ይጨናነቅና ያው ጣቢያ በማይገባው ቁጥር ላይ ሁሉ ብቅ ማለት ይጀምራል። ማጉያ የሚጠቅመው ገመዱ በጣም ረጅም ሲሆን፣ ያውም ከላይ አንቴናው አጠገብ ሲገጠም ነው። የእኔ ገመድ አጭር ነው።

አሠራሩን በተመለከተ ቅሬታ አለኝ። ዘንጎቹን የሚይዙት ብሎኖች በንፋስ ይላላሉ፤ ደጋግሜ አጥብቄያቸዋለሁ። ፕላስቲኩ በፀሐይ ነጥቷል፣ እስካሁን ግን አልተሰነጠቀም። ከዝናብ በኋላ ድምፁ መድከም ሲጀምር ገመዱ የሚገጠምበትን ፈትቼ ባየው መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ጠርጌ ውኃ በማያስገባ ቴፕ ጠቀለልኩት፤ ገመዱንም ከመግቢያው በፊት ወደ ታች አጎንብሼ ውኃው እዚያ እንዲንጠባጠብ አደረግሁ። ይህ ሁሉ ፋብሪካው ሊያስብበት የሚገባ ነበር። መብረቅ ሲኖር ገመዱን ከሪሲቨሩ እነቅላለሁ፤ ጣሪያ ላይ የሚሰቅል ሰው ግን በዚህ ብቻ አይበቃውም፣ የምድር ሽቦ በባለሙያ ማሠራት አለበት።

ገመዱ የተለመደው ባለ 75 ኦም (ገመድና መግቢያ መመጣጠናቸው የሚታይበት የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ ለዲሽ የምንጠቀምበት ዓይነት ነው። የቆዩ ሪሲቨሮች ሁለት ብሎን ያለው የ300 ኦም መግቢያ ብቻ ስላላቸው በመሐል የምትገባ ትንሽ መቀየሪያ ያስፈልጋቸዋል። የአንቴና መግቢያ የሌላት የእጅ ሬዲዮ ላላችሁ ይህ ዕቃ አይሆናችሁም፤ በራሷ አንቴና ላይ ሽቦ ቆንጥጦ ወደ መስኮት መውሰድ ይሻላል።

ሩቅ ያሉትን ጣቢያዎች በተመለከተ ብዙ አትጠብቁ። ኤፍኤም ተራራ ዘሎ አይመጣም፤ አልፎ አልፎ አየሩ ሲመች አንዳንዱ ብቅ ይላል፣ በነጋታው የለም። ከመግዛታችሁ በፊት ትንሽ ሬዲዮ ይዛችሁ አንቴናው ሊሰቀል የታሰበበት ቦታ ላይ ቁሙ። ቤት ውስጥ የማይሰማው ጣቢያ እዚያ ከተሰማ ግዙት። እዚያም ካልተሰማ ይህ አንቴና አያመጣውም።